ብረት የማይገባበት ጎጆ

ኔስቶሪ ቫራላን ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው በሱሪው ነው። ቁልፎቹ ከአጋዘን ቀንድ የተጠረቡ፣ ዘለበት የሌለው፣ ወገቡ ላይ በገመድ የሚታሰር ሱሪ ነበር። ጫማውም ሚስማር አያውቅም፤ ከላይ እስከ ታች በጅማት የተሰፋ ነው። በእኛ አገር ወገቡ ላይ ቢላ የማይሻጥ ወንድ የለም። ኔስቶሪ ግን በሥራ ቀን ባዶ ወገቡን ነበር የሚሄደው። ወንዝ ዳር ግንድ የሚያንሳፍፉት ወንዶች ሲያልፍ ካዩት አይለቁትም።

«ሳንድራ ቢላህን ቀማችህ እንዴ?» ይሉታል በሚስቱ እያሳበቡ።

«አዎ፤ እናንተን ብወጋ ማን ይቀብራችኋል ብላ ነው።»

እሱም ይስቃል፣ እነሱም ይስቃሉ፣ መንገዱን ይቀጥላል።

እኔ ሳይሚ እባላለሁ። በሃፓኒቫ የምልከታ ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ቁጥር ሳነብና ስደምር ኖሬአለሁ። ባል አላገባሁም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው መልስ አያገኝም። ስለ ኔስቶሪ የምጽፈው ጀግና ስለነበረ አይደለም። አንድ ጊዜ አጥፍቷል፤ ያጠፋውም እኔን ነው የጎዳው። የምጽፈው ጥፋቱን በምን ዋጋ እንደመለሰ ካዩት ሰዎች በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

የጣቢያው ሥራ ሰማይን መጠበቅ ነው። ከራሳችን በላይ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አየሩ ሳስቶ ሊያልቅ ሲል፣ ከፀሐይ የሚመጣው ኃይል እየገባ ሰማዩን ያነደዋል። ያን ጊዜ አረንጓዴና ቀይ ብርሃን እንደ መጋረጃ ይወርዳል። እኛ የቀበሮ እሳት እንለዋለን፤ የድሮ ሰዎች ቀበሮ በጭራዋ በረዶ ስትጠርግ የሚነሳ ነው ይሉ ነበር። እዚያ ድረስ ወጥቶ የሚለካ የለም። ከመሬት ሆኖ ሰማዩን ሙሉ በመስታወት ጉልላት በኩል እያየ በየደቂቃው ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ አለን። ከካሜራው ይልቅ የምናምነው ግን መርፌዋን ነው። ሰማዩ ሲነድ የመሬት መግነጢስ ይናወጣል፤ በጨለማ ጎጆ ውስጥ በቀጭን ክር የተንጠለጠለች መርፌም አብራው ትናወጣለች። መርፌዋ ላይ የተለጠፈች ትንሽ መስታወት ብርሃን እየመለሰች ቀስ ብሎ በሚዞር የፎቶ ወረቀት ላይ መስመር ትስላለች። ደመና ይሁን፣ ቀን ይሁን፣ መርፌዋ ግድ የላትም።

ታዲያ እሷ አጠገብ ብረት መድረስ የለበትም። ቁልፍ፣ የፀጉር ሹካ፣ የጫማ ሚስማር፣ ሁሉም ይጎትታታል። ሰማዩ ሳይነድ የነደደ ያስመስላል።

የድሮው ጎጆ በ1944ቱ የጦርነት ቃጠሎ ነደደ። ጀርመኖቹ ሲያፈገፍጉ ከድልድይ እስከ ዶሮ ቤት ያስቀሩት የለም። እኛ ተሰደድን፤ ስንመለስ ቆሞ የጠበቀን የጭስ ማውጫ ብቻ ነበር። የጣቢያው መዝገቦች በተደረደሩበት መደርደሪያ ላይ እስከ ዛሬ የሁለት ዓመት ባዶ ቦታ አለ። ማንም ሌላ መዝገብ አያስገባበትም።

ኔስቶሪ አናጢ ነበር። አዲሱን ጎጆ እንዲሠራ ተቀጠረና ግንዱን ከግንድ በእንጨት ችንካር አያያዘ። ለጣሪያው አንድ ሳጥን የመዳብ ሚስማር ከደቡብ መጣለት። ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው መምታት ይጀምር ነበር። እሱ ግን ሳምንት ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ በኮምፓስ አጠገብ አሳለፋቸው። ከሁለት ሺህ ስድስት መቶው አሥራ አንዱ መዳብ የተቀባ ብረት ሆኖ ተገኘ። በጨርቅ ቋጥሮ ወንዝ ውስጥ ወረወራቸው። የያኔው አለቃ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ይህን አይተው «ጎጆውን የሠራው ሰው ይጠብቀው» አሉ። በዚያው ጠባቂ ሆኖ ቀረ። ከእንግዲህ መደርደሪያው ላይ ባዶ ቦታ አይኖርም ብሎም ቃል ገባላቸው።

ከጎጆው መቶ እርምጃ ርቆ የወሰን እንጨት ተክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብረት አያልፍም። እኛ መንደር ከቄሱና ከጣቢያው ዶክተር በቀር አንቱ የሚባል የለም፤ እዚያ እንጨት ዘንድ ግን አንቱም አንተም እኩል ነው። አንድ ጊዜ የአውራጃው ገዥ ሊጎበኙ መጡ። ኔስቶሪ ቁልፋቸውን አወረደ፣ ሰዓታቸውን አወረደ፣ ሜዳሊያቸውን አወረደ። ከዚያ የሱሪ ማንገቻቸውን ዘለበት አየና «ይቺም ትቀራለች» አላቸው። ገዥው በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን፣ በሌላው ባርኔጣቸውን ይዘው ጎበኙ። ሲወጡ ማንን ይጨብጡ?

የእኔ ሥራ መስመሩን በማጉያ መነጽር እያየሁ ለየሰዓቱ ቁጥር ማውጣት ነው። መስመሩ ግን ስንት እንደወጣና ስንት እንደወረደ እንጂ ከየት ተነስቶ እንደወጣ አይናገርም። እሱን የሚናገረው ሐሙስ ሐሙስ በእጅ የሚደረገው ልኬት ነው። ሥጋ ሻጭ ከመመዘኑ በፊት ባዶ ሚዛኑን እንደሚያሳየው ማለት ነው። ባዶው ሚዛን ካዘነበለ ከዚያ ወዲያ የተመዘነው ሁሉ ውሸት ነው። ሐሙስ የሚለካው ሰው የድንጋይ ምሰሶ ላይ የተቀመጠውን መሣሪያ ደረቱ ሥር አድርጎ አንድ ሰዓት ያህል ይቆማል። ያ ሰው ኔስቶሪ ነበር። ስድስት ዓመት ብቻ ነው የተማረው፤ እጁ ግን አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኑ አይቸኩልም። ዶክተር ኤክሮስ፣ ከሟቹ አለቃ በኋላ ጣቢያውን ሊመሩ የመጡልን ምሁር፣ ከእሱ እኩል እንደማይለኩ ራሳቸው ያምኑ ነበር።

በ1962 ኅዳር ላይ የካሜራውን ጉልላት የሸፈነውን ውርጭ ሊጠርግ መሰላል ወጣ። መሰላሉም የራሱ ሥራ ነው፤ አንድም ሚስማር የለበትም። ከችንካሮቹ አንዱ በብርድ ተሰንጥቆ ኖሮ ከነመሰላሉ ወደቀ። የግራ ጭኑ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሳንድራ ናት ጩኸቱን ሰምታ በአጋዘን መንሸራተቻ እስከ መኪና መንገድ ያወጣችው። የከተማው ሆስፒታል አራት ወር አስተኛው። በዚያ መሀል ሐሙሶቹን ዶክተሩ ለኩ።

መጋቢት ላይ ዱላ ተደግፎ መጣ። ፊቱ ገርጥቶ፣ አንገቱ ቀጥኖ ነበር።

«እግርህስ?» አልኩት።

«ቆሟል» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። በቀጣዩ ሐሙስ ጎጆው ገባ።

የሚያዝያን ሒሳብ ስዘጋ የሐሙሶቹ ቁጥር ከክረምቱ በሰባት ነጥብ ከፍ ብሎ አገኘሁት። ሰባት ነጥብ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። ለእኛ ግን መሬት ከቦታዋ ተነሳች እንደማለት ነው። ዶክተሩ በረዶው ሲቀልጥ ምሰሶው ተነቃንቆ ይሆናል አሉ። ግንቦትም ሰባት ነው። ሰኔ ላይ መሬቱ ደርቆ፣ ድንጋዩ ረግቶ፣ አሁንም ሰባት።

ጎጆው ይፈተሽ ተባለ። ኔስቶሪ ተንበርክኮ፣ ኮምፓስ ይዞ፣ ወለሉን ሳንቃ በሳንቃ አሰሰው። እኔ ከኋላው ወረቀት ይዤ እጽፋለሁ። ቀኑን ሙሉ ሠርተን አንድ ቅንጣት ብረት አልተገኘም። ያን ቀን ኮምፓሱን ክንዱ እስከቻለው ድረስ ከራሱ አርቆ ነበር የያዘው። አይቻለሁ፤ ግን አላስተዋልኩም።

በማግሥቱ ዶክተሩ ጠሩኝ። እሳቸው የደቡብ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ ትሕትናቸው ይጨምራል።

«ወይዘሪት ሳይሚ፣ ስሕተቱ ጎጆው ውስጥ ካልሆነ ጠረጴዛዎ ላይ ነው። ከጥር ጀምሮ እንደገና ይሥሩት።»

አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቼ አንዲት ቁጥር ተመልሳብኝ አታውቅም። ዘንድሮ አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል ብለው ይሆን እያልኩ ተብሰለሰልኩ። ሰው ሁሉ ፀሐይ ሲሞቅና ረግረግ ወርዶ እንጆሪ ሲለቅም እኔ መስኮት ዘግቼ ደመርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በዚያ በጋ ሁለቱንም ሆንኩ። ደግሞ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኛ አገር ንጋት ራሱ ሳምንታት ሙሉ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ሐምሌ ላይ ኔስቶሪ ለሣር አጨዳ ፈቃድ ወጥቶ ነበር፤ ሁለት ሐሙስ ዶክተሩ ለኩ። ነሐሴ መግቢያ ላይ እነዚያ ሁለቱ ጋ ደረስኩ። ቁጥሩ ወደ ክረምቱ ተመልሷል። ሦስተኛውን ሐሙስ፣ ኔስቶሪ የለካውን፣ ሠራሁት። ሰባት። እርሳሴን አስቀመጥኩ።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሒሳቤ ልክ ነበር። ቀጥሎ ግን ባር ባር አለኝ። የኔስቶሪን ልብስ አውቀዋለሁ፤ ሳንድራ ስትሰፋው አይቻለሁ። ኪሱንም አውቀዋለሁ። ዘለበትና ቁልፍ ስንፈትሽ በኖርንበት በዚያ ሁሉ ዓመት ማናችንም ያልፈተሽነው ሰውየውን ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታቸው ሄድኩ። ሳንድራ ጨው የገባው አሳ፣ የአጃ ዳቦና አሬራ አቀረበች።

«ብዪ እንጂ፣ ከስተሻል እኮ።»

«ቁጥር እየበላኝ ነው» አልኩ።

ኔስቶሪ ቀና አላለም። ኮምፓሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከአሳው ሳህን አጠገብ አኖርኩት። መርፌዋ ትንሽ ተወዛውዛ ወደ ሰሜን ረጋች። ሳንድራ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ኔስቶሪ ወንበሩን ሳበና ግራ እግሩን በጠረጴዛው ሥር ወደ እኔ ዘረጋ። መርፌዋ ቀስ ብላ ሰሜንን ትታ ወደ ጭኑ ዞረች።

«ሚስማር ነው» አለ። «ከዳሌዬ እስከ ጉልበቴ፣ አጥንቱ ውስጥ። የማይዝግ ነው አሉኝ። መዛጉን እንጂ መሳቡን አልጠየቅኩም።»

«መቼ አወቅህ?»

«ቤት የገባሁ ዕለት።»

«ወለሉን አብረኸኝ ስታስስ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ እንደ ሰነፍ ተማሪ ድገሚ ስባልስ?»

«አውቅ ነበር አልኩሽ እኮ።»

ሳንድራ ትዕግሥቷ አለቀ። «ሂድና ንገራቸው ብዬ አፌ ደረቀ! ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።»

«አንቺ ዝም በይ።»

«አልልም። ዝም ብዬልህ ነው እዚህ የደረስነው።»

ኔስቶሪ ዳቦውን ቆረሰና ሳይበላው መልሶ አስቀመጠው። «ሳይሚ፣ እዚያ ጎጆ ካልገባሁ እኔ ምንድን ነኝ? እንጨት ፈላጭ። እሱንም በአንድ እግሬ። ደግሞስ ማን ይለካል? ዶክተሩ የዓመቱን ግማሽ ስብሰባ ናቸው። ሐሙሶች ይዘለላሉ። መደርደሪያው ላይ ያለውን ባዶ ታውቂዋለሽ፤ ሁለተኛ አይኖርም ብዬ ለሟቹ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።»

ልቆጣ ነበር የሄድኩት፤ ድምፄ ግን ቀስ ብሎ ነው የወጣው።

«ባዶው አይዋሽም፣ ኔስቶሪ። የሚያነበው ሰው ተቃጥሏል ብሎ ያልፈዋል። ያንተን ሐሙሶች ግን ያምናቸዋል።»

ይህን ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። ሳንድራ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች፤ መልሳ ተወችው። ከዚያ ኔስቶሪ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳና ጓዳ ገብቶ ሰማያዊ የተማሪ ደብተር ይዞ መጣ።

«ሦስት ጊዜ በርሽ ድረስ ይዤው መጥቼ ተመልሻለሁ» አለኝ።

ገለጥኩት። ከተመለሰ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ሁለት ጊዜ ለክቷል። አንዱን እንደ ደንቡ ቆሞ፣ ሌላውን ደግሞ ምሰሶውን ዞሮ፣ የታመመው እግር በተቃራኒው በኩል እንዲውል አድርጎ። የጣቢያው መዝገብ ላይ የመጀመሪያውን ብቻ ጽፏል። እዚህ ግን ሁለቱንም ከነልዩነታቸው በዚያች በተስተካከለች የአናጢ ጽሕፈቱ አስፍሯል።

«እግሬ ምን ያህል እንደሚሰርቅ ልወቀው ብዬ ነው» አለ።

ልዩነቱ አሥራ አራት፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት ነበር። እግሩ አንዴ ወደ ላይ፣ ዞሮ ሲቆም ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ታች ስለሚስብ ለሁለት ሲካፈል የእኔ ሰባት ይመጣል። ሰውየው ሲያጠፋም በልክ ነው ያጠፋው። እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ አለቀስኩ፤ ለእሱ ይሁን ለራሴ እስካሁን አልለየሁትም።

«ነገ እኔው እወስደዋለሁ። አንቺ ምንም አታውቂም።»

«አውቃለሁ። አብሬህ ነው የምሄደው።»

ዶክተር ኤክሮስ ደብተሩን ቆመው ጀመሩ፣ ቆመው ጨረሱ። ከዚያ መጀመሪያ ወደ እኔ ዞሩ። «ወይዘሪት ሳይሚ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ይህን ቃል በጋውን ሙሉ ስጠብቀው ነበር፤ ሲመጣ ምንም ጣዕም አልነበረውም።

«በዚህ ደብተር ያለፈውን ማረም ይቻላል» አሉ ለኔስቶሪ። «ሥራዎም ቤትዎም አይነካም፣ አቶ ቫራላ። ካሜራውን ይይዛሉ። ጎጆው ውስጥ ግን አይገቡም።»

«ሚስማሩ ከወጣስ?»

«ሐኪሞቹ ምን አሉ?»

«አጥንቱ እስኪገጥም ሌላ አንድ ዓመት ይቆይ አሉ።»

«እንግዲያው ይቆይ።»

«ሐሙስ አይቆይም» አለና ወጣ።

መስከረም ላይ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። ሐኪሙ አይሆንም ብሎት ነበር። ለሚመጣው ሁሉ ተጠያቂው እኔ ነኝ ብሎ ፈረመ፤ አወጡለት። ጥቅምት ላይ ሲመለስ ከአውቶቡሱ ወርዶ አሥር እርምጃ ሳይሄድ አጥንቱ ያው ቦታ ላይ ተሰበረ። ሰባት ወር ወገቡ ድረስ በጀሶ ታስሮ ተኛ። ያገላበጠችው፣ ያጠበችው፣ ያበላችው ሳንድራ ናት። እስከ ገና ድረስ አላነጋገረችኝም፤ መንገድ ላይ ሳገኛት ፊቷን ታዞርብኛለች። አልፈረድኩባትም። ባዶው አይዋሽም ያልኩት እኔ ነኝ። ያቺን ቃል ባልናገራት ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን ተቆጨሁ፤ ደግሞ ተመልሼ ምን ልለው እችል ነበር እላለሁ።

በ1964 ሰኔ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ በመስኮቴ በኩል ሲመጣ አየሁት። ግራ እግሩ አራት ጣት አጥሯል፤ የጫማውን ሶል በእንጨት ከፍ አድርጎታል። በሁለት የእንጨት ምርኩዝ ነበር የሚሄደው፤ እነሱም ሚስማር የላቸውም። ሳንድራ ከጎኑ አለች፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ወሰኑ እንጨት ዘንድ ቆሙ። እኔም ወጥቼ ሄድኩ።

ሳንድራ ጨርቁን ፈታችው። ያ ሚስማር ነው፤ ክንድ የሚያህል፣ የጠቆረ። ሐኪሙ ማስታወሻ ብሎ ሰጥቶታል። ኔስቶሪ በመሰርሰሪያ እንጨቱን በሳና ሚስማሩን እኩሌታው እስኪገባ ድረስ በድንጋይ መታው። ግማሹ ወደ ውጭ ቀረ። ነካ ነካ አድርጎ መጥበቁን አየ።

«እንግዳ ቁልፉን የሚሰቅልበት አልነበረውም» አለ።

መሰርሰሪያውን እዚያው ሰቀለው። ሳንድራ የፀጉር ሹካዎቿን አወጣችና እሷም ሰቀለች፤ ከዚያ እስከ ጎጆው በር ክንዱን ይዛ አደረሰችው። አንድ ሰዓት ሙሉ በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

ከሰዓት በኋላ ቁጥሩን ሠራሁት። ዶክተሩ ክረምቱን ሁሉ ከለኩት ጋር ልክ ለልክ ነበር። ኔስቶሪ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጥቶ ምርኩዙን ተደግፎ ቆመ።

«ስንት?»

«ምንም» አልኩት። «ምንም ልዩነት የለውም።»

ራሱን ነቀነቀ። ወዲያው ፊቱን አዞረ። እኔም ወረቀት የማገላብጥ መሰልኩ።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ለካ። አንድም ሐሙስ አልዘለለም፤ በትኩሳት የመጣባቸው ሐሙሶች አሉ። ዶክተሩ በጣቢያው የ1963 ዓመታዊ መጽሐፍ እግሩ ያዛባቸውን የአሥራ ስምንት ሐሙሶች እርማት ሲያሳትሙ «በጠባቂው ደብተር መሠረት» ብለው ጻፉ። ስሙን ልጻፈው ወይ ብለው ጠይቀውት ነበር። ጥፋት ላይ ስም አይጻፍም አላቸው።

ጡረታ ሲወጣ ሳንድራ የመጀመሪያውን ባለዘለበት ቀበቶ ገዛችለት። አንድ ሳምንት አደረገውና ይከብደኛል ብሎ ወደ ገመዱ ተመለሰ። እኔና ሳንድራም ከሰላምታ አልፈን የታረቅነው በኋላ ነው፤ ማን ማንን ይቅርታ እንደጠየቀ ግን አላስታውስም። አንድ ቀን በቃ ቂጣ ይዛልኝ መጣች።

በ1978 መስከረም መጨረሻ ላይ ሞተ። ሣጥኑን ቀደም ብሎ ራሱ ሠርቶት ነበር፤ ጥድ ነው፣ በእንጨት ችንካር የተያያዘ፣ መያዣው የተልባ ገመድ። መቃብር ቦታው ከጣቢያው ማዶ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ዘንድ ነው። የመኪናው መንገድ ጎጆውን ርቆ ይዞራል፤ የእግር መንገዱ ግን ከበሩ አሥር እርምጃ ላይ ያልፋል። ሳንድራ በእግር መንገዱ ይሂድልኝ አለች። ማንም አልተከራከራትም።

ስድስት ወንዶች ተሸከሙት። ወሰኑ እንጨት ዘንድ ሲደርሱ ሣጥኑን ሣሩ ላይ አሳረፉትና ቢላቸውን ከወገባቸው ፈቱ። ከስድስቱ ሦስቱ ድሮ ሲያላግጡበት የነበሩት ግንድ አንሳፋፊዎች ናቸው፤ ሸምግለዋል። ቢላው፣ ቁልፉ፣ ቀበቶው፣ ሁሉም ከኔስቶሪ አጥንት በወጣው ሚስማር ላይ ተሰቀለ። ሁለቱ ሱሪያቸው እንዳይወርድ ሳንድራን ገመድ ለመኗት፤ እሷም ይህን አውቃ ቆርጣ ይዛ ነበር። ቄሱ ባለሚስማር ጫማቸውን አውልቀው በካልሲያቸው ሄዱ። እኔም ማጉያ መነጽሬን ሳይቀር ሰቀልኩ። ማንም አልሳቀም፤ እሱ ቢኖር ግን አንድ ነገር ሳይናገር አያልፍም ነበር። ከዚያ አነሱትና በጎጆው አጠገብ ቀስ ብለው አሳለፉት።

በማግሥቱ ጠዋት የመርፌዋ የፎቶ ወረቀት ታጥቦ መጣልኝ። ሰማዩ በዚያ ቀን ጸጥ ብሎ ነበር የዋለው። ረፋዱ ላይ፣ እሱ ያለፈባትን ሰዓት፣ በማጉያ መነጽር እየመላለስኩ አየሁ። መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው። ሣጥን፣ ስድስት ሰው፣ ቄስ፣ መበለት፣ መንደሩ ሁሉ በአሥር እርምጃ ርቀት አልፎ መርፌዋ አልሰማችም።

በማስታወሻው ዓምድ ላይ «ረፋድ አምስት ሰዓት፦ ኔስቶሪ ቫራላ አለፈ» ብዬ ጻፍኩ። ያ ዓምድ ግን መርፌዋን ያናወጠ ነገር ብቻ የሚጻፍበት ነው። ላጲስ አንስቼ አጠፋሁት።